ለጫጩት ቤት ሰንሰር፦ ዋይፋይ፣ ብሉቱዝ ወይስ ዚግቢ? ባትሪዬ በአንድ ቀን ያልቃል

ጫጩት_ቤት · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለዚህ ቤት። ቢሾፍቱ ነው የምኖረው፤ ግቢዬ ውስጥ በአንድ ዙር 400 ጫጩት አሳድጋለሁ። ያሳደገ ሰው ያውቀዋል፣ በመጀመሪያው ሳምንት ጫጩቶቹ ያሉበት ቦታ ሙቀቱ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ መሆን አለበት፤ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ገደማ እየተቀነሰ ይሄዳል። ባለፈው ዙር ሌሊት መብራት ሄደ፤ እኔ እንቅልፍ ላይ ነበርኩ። ጠዋት በሩን ስከፍት ብርዱን ሽሽት አንድ ጥግ ላይ ተደራርበዋል፤ ከሥር የነበሩት ታፍነው ሞተዋል። 63 ቆጠርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ ነገር ሳልሠራ ሌላ ዙር እንዳልጀምር ወሰንኩ።

ኤሌክትሮኒክስ በኮሌጅ ተምሬአለሁ፣ ሬድዮ ግን ብዙም አልገባኝም። 4 ኢኤስፒ32 ቦርድ (ዋይፋይ ያለው ትንሽ ኮምፒውተር) ገዝቼ በእያንዳንዱ ላይ ዲኤስ18ቢ20 የሙቀት ሰንሰር አሠርኩ። በየ10 ሰከንዱ በዋይፋይ ወደ አሮጌ ላፕቶፕ ይልካሉ። ይሠራል። ግን 2600 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚይዘው ባትሪ አንድ ቀን አልፎ ጥቂት ሰዓት ሳይቆይ ያልቃል። ከዚህ የባሰው ደግሞ መብራት ሲጠፋ ራውተሩም አብሮ ይጠፋል፤ ማስጠንቀቂያው የሚያስፈልገኝ ያን ሰዓት ነበር።

አንዱ ጓደኛዬ «ብሉቱዝ አድርጊው» ይላል፣ ሌላው «ዚግቢ» (ሰንሰሮችና መብራቶች የሚነጋገሩበት ሌላ የሬድዮ ስምምነት)። ሁሉም በ2.4 ጊጋኸርዝ ነው የሚሠሩት ይባላል። ሞገዱ አንድ ከሆነ ልዩነቱ ምንድን ነው? «ይህን ግዢ» የሚል መልስ ብቻ ሳይሆን ለምን እንደሆነ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል። ቤቱ 12 ሜትር በ5 ሜትር ነው፣ ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ።

---

ሬድዮ_ጠጋኝ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡25

እህቴ፣ ስለ ጫጩቶቹ አዝናለሁ። ጥያቄሽ ጥሩ ጥያቄ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

መጀመሪያ ሒሳቡ። ኢኤስፒ32 ዋይፋዩን ከፍቶ ሲቆይ በአማካይ 100 ሚሊአምፒር ገደማ ይወስዳል። 2600ን ለ100 ስታካፍዪው 26 ሰዓት ይመጣል። ያየሽው ይኸው ነው፤ ባትሪሽ አልተበላሸም፣ ኮድሽም አልተሳሳተም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ብዙ ሰው ባትሪ የሚጨርሰው መላክ ይመስለዋል። ባትሪ የሚጨርሰው ጆሮ ከፍቶ መጠበቅ ነው። ይህን አንድ ነገር ከያዝሽ የእነዚህ ሁሉ ፕሮቶኮሎች (የመነጋገሪያ ደንቦች) ልዩነት ግማሹ ይገባሻል።

ቢኤልኢን እንውሰድ፣ ማለትም ትንሽ ኃይል እንዲፈጅ ተብሎ የተሠራውን ብሉቱዝ። መነሻው ኖኪያ በ2006 ዋይብሪ ብሎ ያቀረበው ሥራ ነው፤ በ2010 በብሉቱዝ 4.0 ውስጥ ገባ። በሰከንድ 1 ሚሊዮን ቢት ይልካል። አንድ የማስታወቂያ ፓኬት፣ ማለትም ማንም እንዲሰማው ወደ አየር የሚለቀቅ አጭር መልእክት፣ ሙሉ 31 ባይት ቢይዝ፣ ከመክፈቻው፣ ከአድራሻውና ከስሕተት መፈተሻው ጋር ተደምሮ 47 ባይት ነው። 376 ቢት ማለት ነው። ስለዚህ አየር ላይ የሚቆየው 376 ማይክሮሰከንድ ብቻ ነው። በሦስት ቻናል ቢደግመው እንኳ አንድ ሚሊሰከንድን በጥቂቱ ነው የሚያልፈው። ያንቺ ሙቀት ደግሞ 2 ባይት ትበቃዋለች።

እንደ ኤንአርኤፍ52 ያለ የቢኤልኢ ቺፕ ሲናገርም ሲያዳምጥም የሚወስደው 5 ሚሊአምፒር ገደማ ነው፤ ሁለቱ ይቀራረባሉ። ሲአር2032 የምትባለው፣ ኮምፒውተር ማዘርቦርድ ላይ የምናያት ክብ ባትሪ 220 ሚሊአምፒር ሰዓት አካባቢ ትይዛለች። ቺፑ ሳያቋርጥ ቢያዳምጥባት በ44 ሰዓት ታልቃለች። በየሰከንዱ ነቅቶ፣ ተናግሮ መልሶ ቢተኛ ግን አማካዩ ወደ 15 ማይክሮአምፒር ይወርዳል። አካፍዪው፦ ከ14,000 ሰዓት በላይ፣ 20 ወር ገደማ። ባትሪዋም ቺፑም አልተቀየሩም፤ የተቀየረው ማን ይጠብቃል የሚለው ብቻ ነው።

ቢኤልኢ የተሠራው ሸክሙን እኩል ላለማካፈል ነው። ደካማው ወገን ይተኛል፣ ሲፈልግ ብድግ ብሎ ተናግሮ መልሶ ይተኛል። ቻርጀር ያለው ወገን፣ ስልክም ይሁን ጌትዌይ (መቀበያ ሣጥን)፣ ጆሮውን ከፍቶ ያድራል። ዋይፋይ ላይ ግን ሰንሰርሽ ከራውተሩ ጋር መተዋወቅ፣ የይለፍ ቃል መለዋወጥ፣ የአይፒ አድራሻ መቀበል አለበት፤ 2 ባይት ለማድረስ ብዙ ወሬ ያወራል፣ ለእያንዳንዱም ወሬ መልስ ይጠብቃል። ዋይፋይ ፊልም ለማውረድ ተወዳዳሪ የለውም። ላንቺ ሥራ ግን አንድ ኪሎ ስኳር በሲኖትራክ ማመላለስ ነው።

ስለ ሞገዱ፦ ቢኤልኢ ያን 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ያለውን ቦታ ለ40 ቻናል ይከፍለዋል፣ እያንዳንዱ 2 ሜጋኸርዝ ስፋት አለው። ሦስቱ፣ 37፣ 38 እና 39፣ ለማስታወቂያ ተለይተዋል። አንድ ቦታ አልተደረደሩም፤ በ2402፣ በ2426 እና በ2480 ሜጋኸርዝ ላይ ተበታትነዋል። ዋይፋይ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በራሱ ቻናል 1፣ 6 እና 11 ነው፤ እነዚህ ሦስቱ በዋይፋዮቹ መካከልና ዳር በተረፈው ክፍተት ውስጥ ተቀምጠዋል። ታስቦበት የተሠራ ነገር ነው፤ እኔ መጀመሪያ ሳየው በጣም ነው ደስ ያለኝ።

አንድ ልጨምር። 4 ሰንሰር በአንድ ጊዜ ብታበሪ ሁለቱ አንድ ቅጽበት ላይ ቢናገሩ ይጋጫሉ። ሁለቱም በትክክል በየሰከንዱ ቢናገሩ ደግሞ ከግጭቱ ሳይወጡ ብዙ ሊቆዩ ይችላሉ። ለዚህ ነው ደንቡ በእያንዳንዱ ማስታወቂያ ላይ ከ0 እስከ 10 ሚሊሰከንድ የሚደርስ የዘፈቀደ መዘግየት እንዲጨመር የሚያዘው። አሁን ቢጋጩ በሚቀጥለው ይለያያሉ።

---

ጋሽ_ሽቦ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡05

ልጄ፣ ሬድዮ ጠጋኝ በደንብ አስረድቶሻል። እኔ ስለ ቆርቆሮው ልናገር። 30 ዓመት ቴፕና ሬድዮ ስጠግን ስለኖርኩ ሞገድ ከብረት ጋር ያለውን ጠብ አውቀዋለሁ።

2.4 ጊጋኸርዝ ማለት የሞገዱ ርዝመት 12.5 ሳንቲ ሜትር ነው። ቆርቆሮ ያን ሞገድ እንደ መስታወት ይመልሰዋል። ስለዚህ ቤትሽ ውስጥ የሚዞረው ሲግናል አንድ አይደለም፤ በቀጥታ የመጣው አለ፣ ከጣሪያ የተመለሰ አለ፣ ከግድግዳ የተመለሰ አለ። አንዳንድ ቦታ ላይ ተደጋግፈው ይበረታሉ፣ አንዳንድ ቦታ ላይ ይጠፋፋሉ። በብርቱውና በሙቱ ቦታ መካከል ያለው ርቀት 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል። ሰንሰርሽ «አልሠራ አለ» ብለሽ ከመንቀልሽ በፊት እጅሽን አንድ ስንዝር አንቀሳቅሺው።

ሁለተኛው ውሃ ነው። ይህ ሞገድ ውሃ ውስጥ ሲገባ ኃይሉን ይጥላል። የሰው አካል አብዛኛው ውሃ ነው፣ የጫጩትም እንዲሁ። 400 ጫጩት በላዩ ላይ ሲተኛበት መሬት ላይ ያለ አንቴና ምን እንደሚሆን አስቢው። በ3ኛው ሳምንት ሲያድጉ ደግሞ ይብሳል። አንቴናውን ከፍ አድርጊ።

ከዚህ በፊት የነበረውንም ታስታውሱ እንደሆነ፣ ስልክ በኢንፍራሬድ ሲነጋገር ሁለቱን ስልክ ፊት ለፊት አጋጥመን፣ እንዳይነቃነቁ ትንፋሽ ይዘን ነበር አንድ መዝሙር የምናሻግረው። ብርሃን ስለሆነ ጣት ከገባበት አለቀለት። ብሉቱዝ ሲመጣ ስልኩን ኪስ ውስጥ አድርጎ መላክ መቻሉ ለእኛ ትልቅ ነገር ነበር።

---

ጫጩት_ቤት · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡40

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን እዚህ ላይ ተቸገርኩ። አንቴናውን ከፍ ካደረግሁ የምለካው የጣሪያውን ሙቀት ነው የሚሆነው። ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ከላይ 34 ሲል ከታች 29 ሊሆን ይችላል። መለካት ያለብኝ ከመሬት 5 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ በጫጩቶቹ ጀርባ ቁመት ነው።

---

ሬድዮ_ጠጋኝ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡15

ልክ ነሽ። ሬድዮውንና ሰንሰሩን ለያዪያቸው። ሬድዮው 1 ሜትር ከፍታ ላይ ይሰቀል፣ ሰንሰሩ በሽቦ ይውረድ።

ዲኤስ18ቢ20ን ግን በክብ ባትሪ አትጠቀሚበት፤ ቢያንስ 3.0 ቮልት ይፈልጋል። ሲአር2032 ገና አዲስ ስትሆን ነው 3 ቮልት የምትሰጠው፤ ቶሎ ከዚያ ትወርዳለች፣ በተለይ በቀዝቃዛ ሌሊት። ውጤቱም ከ«አይሠራም» የከፋ ነው፤ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል። 10 ኪሎኦም የሆነ ኤንቲሲ ቴርሚስተር (ሲሞቅ የኤሌክትሪክ መቋቋሙ የሚቀንስ ሰንሰር) ከአንድ 10 ኪሎኦም ሬዚስተር ጋር አያይዘሽ በቺፑ አናሎግ መለኪያ አንብቢው። ርካሽ ነው፣ ሽቦውን እንደፈለግሽ ታረዝሚዋለሽ፣ የምታነቢውም የሁለቱን ድርሻ ስለሆነ ባትሪው ቢወርድም ልኬቱ አይዛባም።

አንድ ወጥመድ ግን አለው። ሁለቱን ባትሪው ላይ በቀጥታ ካሰርሻቸው፣ 3 ቮልት በ20 ኪሎኦም ሲሄድ 150 ማይክሮአምፒር ሌትና ቀን ይፈሳል። ሬድዮው በአማካይ ከሚፈጀው 10 እጥፍ ነው፤ 20 ወር ያልነው ወደ 2 ወር ይወርዳል። ስለዚህ የላይኛውን ጫፍ ከቺፑ አንድ መውጫ እግር ጋር አገናኚው፤ ለመለካት ስትፈልጊ ብቻ አብሪው፣ ከዚያ አጥፊው።

ኢኤስፒ32ም ቢኤልኢ አለው፤ ግን ያለሽ ቦርድ ላይ ቺፑ ጥልቅ እንቅልፍ ቢተኛም የዩኤስቢ ቺፑ፣ ቮልቴጅ ማስተካከያውና ያቺ ቀይ መብራት አይተኙም። ብዙ ሚሊአምፒር የሚሄደው በእነሱ ነው። ሲልክ የሚጠይቀውንም ድንገተኛ ኃይል ክብ ባትሪ ልትሰጠው አትችልም። እነዚያን ቦርዶች አትጣያቸው፣ ለመቀበያነት ይሁኑ። ለላኪነት ኤንአርኤፍ52 ያለበትን ትንሽ ቦርድ ፈልጊ።

---

መስመር_አገናኝ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡30

ለዚግቢ የሚናገርለት ሰው ስለጠፋ እኔ ልናገርለት። በሥራዬ ሕንፃዎች ላይ መብራትና ሰንሰር አገናኛለሁ፣ ዚግቢ ብዙ ጊዜ ከጉድ አውጥቶኛል።

ዚግቢ የተሠራው በ802.15.4 ላይ ነው፤ በ2003 የወጣ ደንብ ነው። በሰከንድ 250 ኪሎቢት፣ በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ከ11 እስከ 26 የተቆጠሩ 16 ቻናሎች አሉት። አንድ ፍሬም (ፓኬት) ከ127 ባይት አይበልጥም። ጥንካሬው ቅብብሎሽ ነው። አንዱ ሰንሰር ሩቅ ቢሆን መካከል ላይ ያለ መሣሪያ ተቀብሎ ያሳልፍለታል፤ አንዱ መንገድ ቢዘጋ በሌላ ይዞራል። ከዚህም ሌላ ዚግቢ ላይ ላኪው መልእክቱ እንደደረሰ የማረጋገጫ ምላሽ ይቀበላል፤ ካልደረሰ ይደግማል። የቢኤልኢ ማስታወቂያ ግን ተናግሮ ይተኛል፤ ማንም ሰማ አልሰማ አያውቅም። ለ63 ጫጩት ሕይወት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ቻናል 25 ወይም 26ን ብትመርጪ ደግሞ ከዋይፋይ ቻናል 11 በላይ ስለሆንሽ ጎረቤት ራውተር አይረብሽሽም።

---

ሬድዮ_ጠጋኝ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡00

ስለ ማረጋገጫው ምላሽ ያልከው እውነት ነው፣ እኔም ልጠቅሰው ይገባኝ ነበር። ስለ ቅብብሎሹ ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ዚግቢ ላይ የሚያቀባብሉት እነማን ናቸው? ሁልጊዜ ነቅተው የሚያዳምጡት፣ ማለትም ግድግዳ ሶኬት ላይ የተሰኩት። በባትሪ የሚሠሩት ተኝተው አልፎ አልፎ ወላጃቸውን (የሚያገናኛቸውን ነቅቶ ያለ መሣሪያ) «መልእክት አለኝ?» ብለው የሚጠይቁ ናቸው እንጂ ለሌላ አያሳልፉም። የእህታችን ጭንቀት ደግሞ መብራት የጠፋበት ሰዓት ነው። መብራት ሲጠፋ አቀባባዮቹ ሁሉ አንድ ላይ ይወድቃሉ።

---

መስመር_አገናኝ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡20

ይህን አልክድም። እኔ የምሠራባቸው ሕንፃዎች ጄኔሬተር አላቸው፤ ከዚያ አንጻር ነው ያሰብኩት። ለ12 ሜትር ቤት ቅብብሎሽም አያስፈልግም። 10 ቤት ስትሠሪ ግን ተመልሰሽ ጠይቂኝ። ለቢኤልኢው የምሰጥሽ ምክር፦ በእያንዳንዱ ፓኬት ውስጥ አንድ ቆጣሪ ቁጥር ክተቺ፤ 1፣ 2፣ 3 እያለ ይሂድ። መቀበያው ስንቱ እንደጠፋ ከዚያ ያውቃል። ዝምታም ራሱ ማንቂያ ይሁን፦ ከአንድ ሰንሰር 2 ደቂቃ ድምፅ ካልተሰማ ይጩህ።

---

የሉንድ_ልጅ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡45

ከስዊድን ሰላም። ሉንድ ስለምኖር ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም፤ ብሉቱዝ የተወለደው እዚህ ነው። በ1994 ኤሪክሰን ውስጥ የስልክን ሽቦ ለማስቀረት የተጀመረ ሥራ ነበር፤ ያፕ ሃርትሰን የተባለው ሆላንዳዊ መሐንዲስ ከዋናዎቹ አንዱ ነው። በ1998 ኤሪክሰን፣ ኢንቴል፣ ኖኪያ፣ አይቢኤምና ቶሺባ ማኅበር መሠረቱለት። ስሙ በ10ኛው መቶ ዘመን ዴንማርክን ከገዛው ከንጉሥ ሃራልድ ብሉቱዝ የተወሰደ ነው፤ የተከፋፈሉ ወገኖችን አንድ አድርጓል ስለሚባል ኩባንያዎችን አንድ ለማድረግ ላሰቡት ሰዎች ተስማማቸው። ምልክቱ የስሙ መጀመሪያ የሆኑት ሁለት ጥንታዊ የሩን ፊደላት ተደራርበው ነው። በ1999 ኤሪክሰን እዚህ ሉንድ ለንጉሡ መታሰቢያ የሩን ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ አቁሟል።

ስለ አሠራሩ የሚያስደስተኝ የቀድሞው ብሉቱዝ ነው፣ ዛሬም ጆሮ ማዳመጫ ላይ የምንጠቀምበት። 79 ቻናሎች አሉት፤ በሰከንድ 1600 ጊዜ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል። አንድ ቦታ የሚቆየው 625 ማይክሮሰከንድ ነው። ዋይፋይ አንዱን ክፍል ቢይዝበት የሚጠፋው ጥቂት ዝላይ ነው፤ ከ2003ቱ ብሉቱዝ 1.2 ጀምሮ ደግሞ የተጨናነቁትን ቻናሎች እያስታወሰ ይተዋቸዋል።

ለመሆኑ የሚነጋገሩት ሁለት መሣሪያዎች እየዘለሉ እንዴት አይጠፋፉም? አንደኛው የበላይ ይሆናል፤ የዝላዩ ቅደም ተከተል ከእሱ አድራሻና ከእሱ ሰዓት ይሰላል። ሌሎቹ፣ እስከ 7 ድረስ፣ ሰዓታቸውን በእሱ ያስተካክላሉ። መናገር የሚችሉትም እሱ ሲጠራቸው ነው። የታክሲ ተራ አስከባሪ ማለት ነው፤ «አንተ ጫን፣ አንተ ጠብቅ» ይላል። ዋይፋይ ላይ ተራ አስከባሪ የለም፤ እያንዳንዱ ግራ ቀኝ አይቶ መንገዱ ባዶ ከሆነ ይገባል፣ ካልሆነ የዘፈቀደ ጊዜ ጠብቆ ይሞክራል።

እየዘለሉ የመነጋገር ሐሳቡ ከብሉቱዝ በጣም ይቀድማል። የፊልም ተዋናይዋ ሄዲ ላማርና የሙዚቃ ደራሲው ጆርጅ አንታይል በ1942 አሜሪካ ውስጥ የፈጠራ መብት ያገኙበት የቶርፒዶ መቆጣጠሪያ ጠላት እንዳያውከው በ88 ሞገዶች ላይ እየዘለለ እንዲሠራ የታሰበ ነበር። 88 የፒያኖ ቁልፎች ብዛት ነው።

---

ዮናስ_ተማሪ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡10

ይቅርታ ከርዕሱ ልወጣ ነው። ጆሮ ማዳመጫዬ ሙዚቃ ስሰማ ጥርት ያለ ነው፤ የኦንላይን ትምህርት ገብቼ ማይክ ስከፍት ግን ድምፁ እንደ ድሮ ስልክ ይታፈናል። ተበላሽቶብኝ ነው? ሁለተኛ፣ ስልኬን ቀኝ ኪሴ ሳደርግ የግራው ጆሮ ይቆራረጣል።

---

ሬድዮ_ጠጋኝ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 5፡30

አልተበላሸም። ሙዚቃ የሚመጣው ኤቱዲፒ በሚባል ስምምነት ነው፤ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚሄድ ሰፊ ቦታ ያገኛል። ማይክ ስትከፍት መሣሪያው ወደ ስልክ ጥሪ ስምምነት፣ ወደ ኤችኤፍፒ ይቀየራል። ያኔ ድምፅ በሁለት አቅጣጫ ሳይዘገይ መሄድ ስላለበት በሰከንድ 64 ኪሎቢት ብቻ ይመደብለታል፤ ናሙናው አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 8000 ወይም 16,000 ይሆናል። መፍትሔው የጆሮ ማዳመጫውን ማይክ ትተህ የኮምፒውተሩን ማይክ መምረጥ ነው። ከ2020 ወዲህ የመጣው ኤልኢ ኦዲዮ ኤልሲ3 በሚባል አዲስ የድምፅ ማመቂያ ይህን ያሻሽለዋል፤ ሁለቱም መሣሪያ ሊያውቀው ይገባል።

የኪሱን ነገር ጋሽ ሽቦ መልሰውልሃል፤ በቀኝ ኪስህና በግራ ጆሮህ መካከል ያለው አንተ ነህ፣ ውሃ። ሜዳ ላይ ሲሆን ይብስብሃል፤ ቤት ውስጥ ግድግዳው እያንጸባረቀ በጎን ያደርስልሃል።

---

ዮናስ_ተማሪ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡02

በጣም አመሰግናለሁ ወንድሜ። ባትሪ የሌለው ካርድ ስልክ ሲነካው የሚሠራውስ እንዴት ነው?

---

ጋሽ_ሽቦ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡15

ይህ የእኔ ሠፈር ነው። ኤንኤፍሲ ይባላል፤ ትራንስፎርመር ነው ልጄ፣ መካከሉ አየር የሆነ። ስልኩ ውስጥ የሽቦ ጥቅል አለ፣ ካርዱ ውስጥም ሌላ ጥቅል። ስልኩ በ13.56 ሜጋኸርዝ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፤ የካርዱ ጥቅል ከዚያ ኃይል ቀድቶ ቺፑን ያስነሣል። ካርዱ ሲመልስ የራሱን ሞገድ አይልክም፤ ጭነቱን ያከብዳል፣ ያቀላል። የሚጠግን ሰው የትራንስፎርመሩ ሁለተኛ ጎን ሲጫን አንደኛው ጎን ላይ እንደሚታወቀው ሁሉ ስልኩም ያን መለዋወጥ ያነባል። አብዛኛውን ጊዜ ከ4 ሳንቲ ሜትር ወዲያ አይሠራም፤ ለገንዘብ የተመረጠበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

---

ጠባቂ_ኮድ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡50

ለጫጩት ቤት እህታችን አንድ ማሳሰቢያ። የቢኤልኢ ማስታወቂያ ለሁሉ የተነገረ ነው፤ በአጥር አጠገብ የሚያልፍ ሰው ስልኩ ላይ ሊያነበው ይችላል። የጫጩት ሙቀት ምሥጢር አይደለም። ግን ማንም ያንኑ መስሎ የውሸት ቁጥር ሊልክም ይችላል። አሁን ማስጠንቀቂያ ብቻ ስለሆነ ግድ የለም። ወደፊት ግን ማሞቂያውን በራሱ የሚያበራና የሚያጠፋ ካደረግሽው ነገሩ ይቀየራል፦ አንድ ሰው «40 ዲግሪ ነው» ብሎ ቢልክ ማሞቂያሽ ይጠፋል። ያኔ መልእክቱን በ128 ቢት ኤኢኤስ (የታወቀ የማመስጠሪያ ዘዴ) ቁልፍ መፈረም ያስፈልጋል። መስመር አገናኝ ያለው ቆጣሪም እዚህ ይጠቅማል፤ ከመጨረሻው ያነሰ ቁጥር የያዘ ፓኬት ከመጣ አሮጌ ቅጂ ነውና አትቀበዪው።

---

ጫጩት_ቤት · ከ5 ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ከምሽቱ 12፡30

ሰላም እንደገና። ምን እንዳደረግሁ ሳልነግራችሁ ብቀር ነውር ነው።

እህቴ ከዱባይ ስትመጣ 4 ኤንአርኤፍ52 ቦርድ አመጣችልኝ። ቴርሚስተሩን እንደተባልኩት አሠርኩ፣ ላይኛውን ጫፍ በመውጫ እግር አብርቼ እያጠፋሁ። በየ2 ሰከንዱ ይናገራሉ፤ ፓኬቱ ውስጥ የሰንሰሩ መለያ፣ ሙቀቱ፣ የባትሪው ቮልቴጅና ቆጣሪው አለ። በጠቅላላ 8 ባይት።

መቀበያ ያደረግሁት አሮጌ ስልኬን ነው። ብዙ ካሰብኩ በኋላ ነው የመጣልኝ፦ ስልክ የራሱ ባትሪ አለው፣ መብራት ሲጠፋ አይጠፋም፣ ይጮኻል፣ ሲም ካርድ ስላለው ይደውልልኛል። መጀመሪያ ላይ ስክሪኑ ሲጠፋ መስማቱን ያቆም ነበር፤ ሁለት ቀን አስጨነቀኝ። አንድሮይድ ከ8.1 ጀምሮ ማጣሪያ ያልተሰጠውን ስካን ስክሪን ሲጠፋ ያቆመዋል። የ4ቱን ሰንሰሮች አድራሻ በማጣሪያነት ስሰጠው ተስተካከለ።

ቆጣሪው ትልቅ ነገር አስተማረኝ። 3ኛው ሰንሰር ከ100 ፓኬት 41 ብቻ ነበር የሚደርሰው። የሲግናሉ ጥንካሬ ከዜሮ በታች 92 ዲቢኤም ነበር (ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይበረታል)። ተበላሽቷል ብዬ ልነቅለው ስል የጋሼ ምክር ትዝ አለኝ። ከመጋቢው ብረት በርሜል ኋላ ነበር የተሰቀለው። አንድ ስንዝር ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ላይ አደረግሁት፤ ከ100 ፓኬት 93 ሆነ፣ ጥንካሬውም ወደ 74 መጣ። ምንም አልገዛሁም፣ ኮድም አልነካሁም። ጫጩቶቹ 3 ሳምንት ሲሞላቸው የሁሉም ሰንሰር ቁጥር በጥቂቱ ወረደ፤ ያም እንደተባለው ነው።

ከዚያ በፊት፣ በሁለተኛው ሳምንታቸው፣ አንድ ሐሙስ ከሌሊቱ 8፡40 ላይ መብራት ሄደ። የመጀመሪያው ሳምንታቸው አልፎ ስለነበር 30 ላይ ነበር የማቆየው። 27 ሲደርስ ስልኩ ጮኸ። ከሰል አያይዤ አስገባሁ፣ በሩ አጠገብ ቁጭ ብዬ ቁጥሮቹን እያየሁ ነጋ። ከ400 አንድም አልሞተም።

አሁን ጥያቄዬ፦ የሁሉም ባትሪ ቮልቴጅ ቀን ከፍ፣ ሌሊት ዝቅ ይላል። ከቅዝቃዜው ነው ወይስ የሆነ ነገር እየፈሰሰብኝ ነው?

---

ሬድዮ_ጠጋኝ · እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡05

ከቅዝቃዜው ነው። ጠዋት ሲሞቅ ወደነበረበት ከተመለሰ ምንም የፈሰሰ ነገር የለም። የእያንዳንዱን ቀን እኩለ ቀን ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ ለይተሽ አወዳድሪ፤ ያ መስመር በወር ውስጥ ቀስ ብሎ ብቻ መውረድ አለበት። አንዱ ከሌሎቹ ቶሎ ከወረደ የዚያን ሰንሰር ቴርሚስተር እግር ሳታጠፊው ቀርተሽ እንደሆነ እዪ። ምሥራቹ በጣም ነው ደስ ያሰኘኝ።

---

ጋሽ_ሽቦ · እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡40

ልጄ፣ እሰይ። ከሰሉን ግን ውጭ አቀጣጥለሽ፣ ጢሱ ካለቀ በኋላ ብቻ አስገቢው፤ የቆርቆሮው ላይኛ መስኮትም እንዳይዘጋ። ከሰል የሚያወጣው ጋዝ አይሸትም፤ ጫጩቱንም አንቺንም ይጎዳል። በሩ አጠገብ ስትቀመጪ በሩን ገርበብ አድርገሽ ይሁን።

---

ጫጩት_ቤት · እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡52

እሺ ጋሼ። ዛሬ ማታ መስኮቱ ላይ ወንፊት እመታለሁ፣ እንዳይዘጋ። ኮዱን ነገ አጽድቼ እዚሁ እለጥፈዋለሁ።